የሙምባዩ ታጅ ማሃል ሆቴልና የአንድ ሲኒ የሰሊጥ ዘይት ዋጋ

መድኃኒት፥ ብረታ ብረትና ማሽን ለማስመጣት ወይም ጥራጥሬ ለመሸጥ ወደ ሙምባይ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ብዙዎች ናቸው። ከተማይቱ እስከ 1995 ድረስ ቦምቤይ እየተባለች ትጠራ የነበረች፥ ለአባቶቻችንም በጨርቋና በቅመሟ የታወቀች ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነጋዴው እዚያ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ በገበያው አቅራቢያ በርካሽ ሆቴል ያድራል፤ ይህም ነቀፋ የለበትም፤ ገንዘቡን ለአልጋ ከማዋል ለዕቃ ማዋል ይሻለዋልና። ቢሆንም ከወደቡ ፊት ለፊት በቆመው በታጅ ማሃል ፓላስ ሆቴል አንድ ሌሊት ብቻ ማደር፥ ዓይኑን ከፍቶ ለሚመለከት ነጋዴ ከመዝናናት ያለፈ ጥቅም አለው እንላለን፤ ቤቱ ራሱ ነጋዴ ያቋቋመው ንግድ ነውና።

ያቋቋሙት ሰው በ1839 የተወለዱትና በ1877 በናግፑር ከተማ የጥጥ ፋብሪካ የከፈቱት ጃምሴትጂ ታታ ናቸው። ከነጮች ሆቴል ስለ ተከለከሉ በቍጭት ሠሩት የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ አስተማማኝ ማስረጃ ስለሌለው ግን እናልፈዋለን። የተረጋገጠው ነገር ለእኛ ሙያ የበለጠ ይቀርባል። ታታ ለዚህ ቤት የሚያስፈልገውን ዕቃ ለመግዛት ራሳቸው በአውሮፓ ዞረዋል፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያውን ከዱስልዶርፍ፥ የጣሪያ መብራቶቹን ከበርሊን፥ የዳንስ አዳራሹን የሚደግፉትን የብረት ዓምዶች ከፓሪስ መርጠው አስመጡ። ከአሳንሰሩ እስከ ማራገቢያው ድረስ በዚያ ዘመን በሕንድ አገር አዲስ ነገር ነበረ። ሆቴሉ በዲሴምበር 16 ቀን 1903 ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች 17 ብቻ ነበሩ። ታታ በተከታዩ ዓመት በሜይ ወር ስላረፉ የድካማቸውን ትርፍ አላዩም።

ክፍል የሚይዝ ሰው ሁለት ሕንፃዎች እንዳሉ አስቀድሞ ይወቅ። አንደኛው ጕልላት ያለው ጥንታዊው ቤት ነው፤ ሁለተኛው በ1973 የተጨመረው ፎቅ ነው። መስኮቱ ወደ ባሕር የሚያይ ክፍል ወደ ከተማው ከሚያየው ይበልጥ ውድ ነው፤ በማለዳ መጋረጃውን የገለጠ እንግዳ በ1924 የተፈጸመውን የሕንድ በር የተባለውን ታላቅ የድንጋይ ደጅ፥ ከሥሩም መንገደኞችን ወደ ኤሌፋንታ ደሴት የሚያመላልሱትን ጀልባዎች ያያል። ነገር ግን ይህ ባሕር የሚታይ እንጂ የሚዋኙበት አይደለም፤ የወደብ ውሃ ነው። መዋኘት የሚሻ በግቢው ውስጥ ገንዳ አለለት።

ዋጋውም እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ነፋሻውና ደረቁ ወራት፥ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ፥ ውድ ነው፤ ዝናም በሚበረታበት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ግን ይቀንሳል። ይህ ለኛ ለነጋዴዎች እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ሰሊጥ ወይም ቡና ዋጋው ቢወድቅ በመጋዘን ይጠብቃል፤ የዛሬ ሌሊት ክፍል ግን ዛሬ ካልተሸጠ ነገ የሚሸጠው ሌላ ሌሊት ነው።

ስለ ማዕዱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ከ1933 ጀምሮ በቆየው መጠጥ ቤት፥ ከሰዓት በኋላ ሻይ በሚቀርብበት ባሕር ተመልካች አዳራሽ፥ በቻይና ምግብ ቤቱም ሳንቆይ ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅመውን ብቻ እንናገር። ሕንድ ሥጋ የማይበላ ሕዝብ የበዛበት አገር ስለሆነ ጾመኛው ተቸግሮ አያድርም፤ ምስሩ፥ ሽንብራው፥ አትክልቱና ሩዙ በየዓይነቱ ይቀርባል። ሆኖም በእነርሱ ዘንድ ሥጋ የሌለበት ምግብ ማለት እኛ የጾም ምግብ የምንለው አይደለም። ምስሩ በንጥር ቅቤ ይቁላላል፤ እርጎና አይብም በብዙው ወጥ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጾመኛው «ያለ ቅቤ፥ ያለ ወተት፥ ያለ እርጎ፥ ያለ አይብ» ብሎ ለአሳላፊው በዝርዝር ይንገር።

ወደ ስፓው፥ ማለት ወደ ገላ መታሻው ክፍል እንምጣ፤ ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ዋና ምክንያት እዚያ ነውና። በአዩርቬዳ፥ በጥንታዊው የሕንድ ሕክምና፥ ገላን በሞቀ ዘይት ማሸት የቆየ ልማድ ነው፤ ለዚህም ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ዘይት የሰሊጥ ዘይት ነው። አዎን፥ ሑመራና መተማ ላይ በኩንታል የምንጭነው ሰሊጥ!

አንባቢያችን እርሳስ ያንሣና አብሮን ያስላ። ከሰሊጥ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ከአንድ ኩንታል ጥሬ ሰሊጥ ጥቂቱ በፋጉሎው ቀርቶ 40 ኪሎ ዘይት ተጨመቀ እንበል፤ ይህ ከ43 ሊትር ያላነሰ ነው። ለአንድ ሰው ከአንድ ሲኒ ጥቂት ከፍ የሚል፥ ማለት 100 ሚሊ ሊትር ቢፈስለት፥ አንድ ኩንታል ከ400 ለሚበልጡ እንግዶች ይበቃል። እኛ ከአገር የምናወጣው ሰሊጥ አብዛኛው ጥሬውን እንደሆነ የታወቀ ነው። አሁን ላኪው በመጨረሻ ኩንታሉን የሸጠበትን ዋጋ ለ400 ያካፍል፤ ከዚያም እንዲህ ባለ ስፓ ለአንድ ጊዜ መታሸት የሚጠየቀውን ዋጋ አጠገቡ ይጻፍ።

ይሁን እንጂ ልዩነቱን ዘይቱ አላመጣውም። እንግዳው የሚከፍለው ለሠለጠነው እጅ፥ ለጸጥታው፥ ለንጹሑ ፎጣና ከመስኮቱ ባሻገር ላለው ባሕር ነው። ዘይት መጭመቂያ ብናቆም ከልዩነቱ ጥቂቱን እናገኛለን፤ የቀረው የሚገኘው ከሰው ነው። በ2011 ሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው የተባለው መጽሔት ስለዚህ ሆቴል ሠራተኞች ባወጣው ጽሑፍ፥ ድርጅቱ አገልጋዮቹን በብዛት ከትንንሽ ከተሞች እንደሚመለምል፥ ከትምህርት ቤት ውጤት ይልቅ ጠባይን እንደሚመለከት፥ ሌሎች ሆቴሎች 12 ወር ሲያሠለጥኑ እርሱ 18 ወር እንደሚያሠለጥን ገልጿል።

ጽሑፉ እንዲጻፍ ምክንያት የሆነው መከራ ነበረ። በኖቬምበር 26 ቀን 2008 ታጣቂዎች ወደ ሆቴሉ ገብተው እስከ 29 ቀን ድረስ ሲገድሉና ሲያቃጥሉ፥ የኋላውን መውጫ የሚያውቁት ሠራተኞች አምልጠው መሄድ ሲችሉ እንግዶቹን ለማውጣት ቆዩ፤ ከሞቱትም መካከል እነርሱ ነበሩበት። የተቃጠለው ጥንታዊ ክፍል ታድሶ በኦገስት 15 ቀን 2010 ተከፈተ።

ለማደር ለሚያስብ ሰው ስለ ሒሳቡ ጥቂት እንጨምር። በሕንድ የቀን ኪራዩ ከ7,500 ሩፒ በላይ በሆነ ክፍል ላይ 18 በመቶ ግብር ይታከላል፤ የተነገረው ዋጋ ግብሩን የጨመረ መሆኑንና ቍርስ ያለበት መሆኑን በጽሑፍ ማስረዳት ይገባል። ራት፥ ልብስ ማጠቢያና ስፓ ለየብቻ ይመዘገባሉ። ስፓውን ከአንድ ቀን በፊት ማስያዝ፥ ከመግባትም በፊት ከባድ ምግብ አለመብላት ይሻላል። ሒሳቡን ደግሞ አውሮፕላን ለመሳፈር በሚጣደፉበት ማለዳ ሳይሆን በዋዜማው ማታ አስመጥቶ መስመር በመስመር ማንበብ ነው፤ ላኪ የሆነ ሰው ስፓው በተጻፈበት መስመር ላይ ትንሽ ይቆይ።