በረንዳው ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት በኦሞ አይለቅም

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ፣ ዲማም ይሁን ብቸና ወይም ደብረ ማርቆስ፣ በረንዳቸውን ሴራሚክ ያስነጠፉ ሰዎች የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ «ይህ ነጭ ነገር ስንት ጊዜ ታጥቦ ለምን አይለቅም?»

ተራ እድፍ ስላልሆነ ነው። ዝናቡ በሴራሚኩ መገጣጠሚያ ሙሌት፣ በፉጋው፣ ሰርጎ ከሲሚንቶው ኖራ ያሟሟል፤ ውሃው ሲተን ኖራው ከላይ ይቀራል። ከጉድጓድ ውሃ የሚቀረው ካልሲየምም ያው ነው። ሳሙና አይነካውም፣ አሲድ ግን ያሟሟዋል።

በመጀመሪያ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣሉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ከዚያ ንጣፉን በውሃ አርሱት። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ደረቅ ፉጋ ግን አሲዱን መጥጦ ይበላል። አቼቶውን ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ አፍስሱ፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ሳይደርቅ በፕላስቲክ ብሩሽ ፈትጉ። በብዙ ውሃ አለቅልቃችሁ በጨርቅ አድርቁት፤ ካልደረቀ የማለቅለቂያው ውሃ ራሱ ነጭ ነጥብ ይተዋል። ካልለቀቀ ድገሙት እንጂ የባትሪ አሲድ አታምጡ፤ ፉጋውን ያፈርሳል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

እብነ በረድ፣ ቴራዞና የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ አቼቶም ሎሚም አይሞከርም። ኖራ ስላለባቸው አሲዱ ራሳቸውን ይበላቸዋል።

እድፉ የዋልካ ጭቃ ከሆነ ይድረቅና ይጠረግ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በኦሞ ይታጠብ። ከቆርቆሮ ለተንጠባጠበ ዝገት ሎሚ ጥሩ ነው።

አደራ፣ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው።