ቆርቆሮ ልከናል፤ ልጁ ግን ያነባል ወይ?

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አገር ቤት ትምህርት ስናወራ ወሬውን የምንጀምረው ከጣሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። በ2023 3.2 ከመቶ፣ በ2024 ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። በየቡና ቤቱና በየቴሌግራሙ ያልተንጫጫ አልነበረም። «ትውልድ ገደሉ» አልን። ልክ ነው፤ ግን መቼ?

በ2022 ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ ክፍል ሳይደግም የመጣ ከሆነ፣ አንደኛ ክፍል የገባው በ2010 መስከረም ላይ ነው። በዚያው በ2010 በአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ገንዘብ በስምንት ክልሎች፣ በስድስት ቋንቋዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። ልብ በሉ፣ የተጠየቁት በሚማሩበት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንጂ በእንግሊዝኛ አልነበረም። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በሲዳምኛ ከተፈተኑት መካከል ደግሞ እንዲህ የሆኑት ከሦስት ልጆች ሁለቱ ነበሩ። እንግዲህ የ12ኛ ክፍሉ መርዶ ከ12 ዓመት በፊት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ያነበበው አልነበረም እንጂ።

ታዲያ ዕቅድ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። እንዲያውም የተረፈን ነገር ቢኖር ዕቅድ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የጥራት ማሻሻያ ፓኬጁን ሲያወጣ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም ነበር። ከ2009 ጀምሮ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ገንዘብ አፈሰሱበት። አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ራሱን ይገመግማል፤ ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራኑና ወላጆች ያሉበት ኮሚቴ በአራት ዘርፎች ማለትም በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ የሦስት ዓመት ዕቅድ ያወጣል፤ ያንንም በየዓመቱ ይከፋፍለዋል። በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የድጎማ ገንዘብም በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይሰጠዋል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ የትምህርት ቤቱን ችግር ከሚኒስትሩ ይልቅ እዚያው ያለው መምህር ያውቀዋል የሚል ነውና።

ነገር ግን ዕቅዱ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚላክ፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ከመሳቢያ የሚወጣ ሰነድ ሆኖ ቀረ። ከአራቱ ዘርፎች ለመቁጠር የሚቀለው አጥር፣ መጸዳጃ ቤት፣ ዛፍ፣ ስብሰባ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ «የትምህርት ልማት ሠራዊት» እና «አንድ ለአምስት» የሚባሉት ተጨመሩበትና መምህሩ ስንት ጊዜ እንደተሰበሰበ ሪፖርት ሲያደርግ ዋለ። የመማር ማስተማሩ ዓምድ ሥር የሚጻፈው «ከ50 በላይ የሚያመጡ ተማሪዎችን ቁጥር ወደ 90 ከመቶ ማድረስ» የሚል ዓይነት ነገር ነው። ፈተናውን የሚያወጣው፣ የሚያርመውና ዕቅዱን አሳክቷል አላሳካም ተብሎ የሚገመገመው አንዱ መምህር ሲሆን 90 ከመቶ መድረስ ምን ይከብዳል? ቀይ እስክሪብቶ ይበቃል። በዚህ ላይ የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ባመጣው አሠራር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ አወቀም አላወቀም ያልፍ ነበር። ያልለየውን ፊደል ይዞ አራተኛ ክፍል ይደርስ ነበር። በአገር አቀፉ የትምህርት ምዘና የአራተኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ2000 47.9 ከመቶ ነበር፤ በ2008 ወደ 40.9 ወረደ። ትምህርት ቤት የገባው ሕፃን በሚሊዮን ሲጨምር ካድሬው የቆጠረው መግባቱን ብቻ ነበር።

ለመሆኑ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እውነተኛ ዕቅድ ከምን ይጀምራል? እኛ ከአንዲት ወረቀት ይጀምራል እንላለን። በወረቀቷ ላይ ጥቂት ፊደላት፣ ጥቂት ቃላት፣ አንድ አጭር አንቀጽና አንድ አጭር ተረት ይጻፋል። መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቶ «እስቲ አንብብልኝ» ይላል። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ለምሳሌ ሦስተኛ ክፍል 60 ልጆች አሉ እንበል። 20ው ፊደል አልለዩም፣ 25ቱ ቃል ላይ ይንገዳገዳሉ፣ 15ቱ ተረቱን ያነባሉ ቢባል፣ የዓመቱ ዕቅድ በዚያው ሰዓት ተጻፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ሰዓት ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ ተቀላቅለው ይማራሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ያቺው ወረቀት ተመልሳ ትመጣለች፣ የተሻለው ወደሚቀጥለው ቡድን ይሻገራል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ የሕንድ ድርጅት ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ከ2005 ጀምሮም እንዲህ ያለችውን ወረቀት ይዘው በጎ ፈቃደኞች የሕንድን ገጠር ቤት ለቤት አዳርሰዋል።

ሕንድ ድረስ መሄድ ካላስፈለገ ደግሞ የኔታ አሉ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በዕድሜው ወይም በዓመቱ ማለቅ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብም ወደ ዳዊት አይዛወርም። የኔታ ያስነብቡታል፤ ከቻለ ይሻገራል፣ ካልቻለ እዚያው ነው። የቀደመው ልጅ የዘገየውን ያስቀጽላል። ስለ አለንጋው አንከራከርም፤ ያ ቢቀር ይሻላል። ግን የትኛው ልጅ የት ላይ እንደቆመ የማያውቁ የኔታ አልነበሩም። በቁርዓን ቤትም ነገሩ ያው ነው። ዘመናዊ ነኝ የሚለው ትምህርት ቤታችን በኮምፒውተር በተጻፈ ዕቅዱ ውስጥ ያጣው ይህንኑ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ደመወዙ ወር የማያደርሰው መምህር፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ፣ በፈረቃ የሚማር ሰማንያ ተማሪ ባለበት ክፍል ስለ ንባብ መለኪያ ማውራት ቅንጦት ነው ይሉናል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት ትምህርት ቤት የወደመበትና ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ የቀሩበት አገር መሆኑንም ያስታውሱናል። እውነታቸውን ነው። ጥይት በሚጮህበት ዕቅድ አይሠራም፤ የተራበንም ልጅ ወረቀት አያጠግበውም። ሆኖም ሁለት ሦስት ዓመት ከትምህርት ተለይቶ የሚመለስ ልጅ በዕድሜው አምስተኛ ክፍል ተቀምጦ በዕውቀቱ ገና ፊደል ላይ ሊሆን ይችላል። ወረቀቷ ከሁሉ በላይ የምታስፈልገው ለእርሱ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በዱባይ ያሉ የአካባቢ ተወላጆች ማኅበራት ለትውልድ መንደራቸው ትምህርት ቤት ገንዘብ ሲያዋጡ ኖረዋል። በ2023 «ትምህርት ለትውልድ» በሚል የተጀመረው ዘመቻም እጁን ወደ ዳያስፖራው ዘርግቷል። የምንልከው ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ወንበር ነው፤ የሚላክልን ደግሞ ሪባን ሲቆረጥ የተነሣ ፎቶግራፍ። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የተማረ ሰው ቆርቆሮን አይንቅም፣ እኛም አንንቅም። ግን አዲስ ጣሪያ ሥር ስንቱ ልጅ እንደሚያነብ ጠይቆ ያወቀ የማኅበር ሊቀመንበር ካለ ቢነግረን ደስ ይለናል።

ገንዘብ የሚሰጥ ሰው መጠየቅ ይችላል። ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ሲደርሰን የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ስንቱ አጭር ተረት አንብበው መልሰው መናገር እንደሚችሉ በአንድ መስመር እንዲጻፍልን እንጠይቅ። የልጆቹ ስም አያስፈልገንም፤ ቁጥሩ ይበቃል። ልኬታውም የርዕሰ መምህሩ ብቻ እንዳይሆን፣ የወላጅ መምህራን ኅብረቱ አባላት አጠገብ ይቀመጡ። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ልጇ ሲያነብ ይንተባተብ አይንተባተብ በጆሮዋ ትለየዋለች። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢመጣ ደግሞ ገንዘቡን አንከልክል፤ ዝቅተኛ ቁጥር በሐቅ የጻፈ ትምህርት ቤት ከተቀጣ በሚቀጥለው ዓመት 90 ከመቶ ተብሎ ይጻፍልናል። ከሲሚንቶው ጥቂቱን ቀንሰን በአካባቢው ቋንቋ የተጻፉ ቀጫጭን የተረት መጻሕፍት እናሳትምበት፤ በዓመቱም መጨረሻ ያው ጥያቄ ይደገም።