ሞተር ያለ ልክ ሲፈጥን፦ የከፍተኛ ሚኒሞ መንስኤና አመረማመር



መኪናው ቆሟል፤ የነዳጅ መስጫ ፔዳሉን የነካው የለም፤ ሞተሩ ግን ያጓራል። መካኒኮቻችን «ሚኒሞው በዝቷል» ይላሉ። በቂ ሙቀት ያገኘ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ በአብዛኛው በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ጊዜ ይዞራል። ማለዳ በብርድ ሲነሣ ከ1,200 በላይ ቢደርስም የተለመደ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ካልወረደ ግን ምክንያት አለው።

ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ የሚኒሞ ማስተካከያ ብሎኑን መነካካት ነው። ድምፁ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ከፍሎ ይሄዳል፤ ሕመሙ ግን በቦታው አለ።

መነሻችን አንድ መርሕ ነው። የቤንዚን ሞተርን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የሚገባው የአየር መጠን ነው። ፔዳሉን ስንረግጥ የምንከፍተው የአየሩን በር ነው፤ ነዳጁ አየሩን ተከትሎ ይመጠናል። የናፍጣ ሞተር በነዳጅ መጠን ስለሚገዛ የዛሬው ገለጻ አይመለከተውም። እንግዲህ ጥያቄው «ትርፉ አየር በየት በኩል ገባ?» የሚል ይሆናል።

አንደኛ፣ ዋናው በር ነው። ሞተሩን አጥፍተን ምንጣፉ ፔዳሉን አለመያዙን፣ ገመዱ ከልክ በላይ አለመወጠሩን፣ የአየር በሩም በጥላሸት ተጣብቆ ክፍት አለመቅረቱን እናያለን። ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ብርድ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። የሙቀት ሴንሰሩ ከተበላሸ፣ የራዲያተር ውኃ ከጎደለ ወይም ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ከፍ እንዳደረገ ይቆያል። በካርቡራተር መኪና ያልተመለሰ ቾክ ተመሳሳይ ውጤት አለው። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ከአየር በሩ በኋላ ያለ ስንጥቅ ነው፤ ያረጀ የጎማ ቱቦ ወይም የማኒፎልድ ጋስኬት አየር ይስባል። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቆንጥጦ መያዝ ይጠቅማል፤ አንዱ ሲያዝ ፍጥነቱ ከወረደ ፍንጩ ተገኘ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን እሳት መጋበዝ ነው። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ቱቦ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፦ እርሱ ካፈሰሰ ፍሬኑም ይደነድናል።

አራተኛ፣ የሚኒሞ አየር መቆጣጠሪያ ቫልቩ በጥላሸት ተይዞ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ማጽዳት ይበቃዋል። የአየር በራቸው በኤሌክትሮኒክስ በሚታዘዝ መኪኖች ከጽዳት ወይም ከባትሪ መነቀል በኋላ ኮምፒውተሩ ልኩን እንደገና መማር ሊያስፈልገው ይችላል።

ለእኛ አገር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በውጭ መመሪያዎች የቫኪዩም መለኪያ በጤነኛ ሞተር ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ተብሎ ይጻፋል። ይህ ለባሕር ጠለል ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ንባቡ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 7 ኢንች ያህል መቀነስ አለበት። ይህን የዘነጋ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር «ያፈስሳል» ብሎ ይፈታዋል።

ጉዳዩ የነዳጅ ብክነት ብቻ አይደለም። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ሚኒሞው በዝቶ ሳለ ማርሽ ሲገባለት ወደ ፊት ይገፋል። በግቢ ውስጥ ከፊቱ ሕፃን ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለባለንብረቶች የምመክረው፣ ከመክፈላችሁ በፊት «ትርፉ አየር በየት ሲገባ አገኛችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለተማሪዎቼም፦ መልሱን ሳታውቁ ብሎኑን አትንኩ።