ፒክአፕ ተቀይሮ ጊታሩ ሲጮህ

ፎይል ልትገዙ አትሩጡ።

ፒክአፕ ቀይሮ ጊታሩ «እምምም» ማለት የጀመረበት ሰው ቶሎ የሚጠይቀኝ «ውስጡን በምን ልለብጠው?» ብሎ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ጊታር ዛሬ ከጮኸ እንጨቱ አልተቀየረም፤ የተነካካው ሽቦው ነው። ፍለጋውም ከዚያ ይጀምራል።

ሀምባከር አውጥታችሁ ሲንግል ኮይል አስገብታችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲንግል ኮይል የመብራቱንም 50 ኸርዝ ይለቅማል፤ ጠባዩ ነው። ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ጊብሰን ውስጥ ሀምባከርን የሠራው ለዚሁ ነበር፦ ሁለት ኮይል፣ የአንዱ ማግኔትም ጥምጥምም ከሌላው የተገላበጠ። የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ጩኸቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሌላ ጊታር በዚያው ኬብልና በዚያው አምፕ ሞክሩ። እሱም እኩል ከጮኸ ካቻቢቴውን አስቀምጡ፤ ችግሩ ኬብሉ፣ አምፑ ወይም ቤቱ ነው፦ ዲመር፣ የስልክ ቻርጀር፣ ኧርዝ የሌለው ሶኬት። ሶኬቱ ኧርዝ ያለው መስሎ ከኋላው ሽቦ ላይኖረው ስለሚችል በኤሌክትሪሺያን አስለኩት። ቀልድ አይደለም፤ የጊታር ክር በብሪጁ በኩል ከአምፑ ግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንዚ ውስጥ መድረክ ላይ ማይክ ሲነካ በኤሌክትሪክ ሞቷል። «የአምፑን ኧርዝ ቁረጠው፣ ጩኸቱ ይጠፋል» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ሶኬቱ ደህና ከሆነ ክሩን በእጃችሁ ያዙ። ጩኸቱ ከቀነሰ የብሪጁ ግራውንድ ይሠራል። ክሩ ሲነካ ለውጥ ከሌለ፣ የጃኩ ብረት ሲነካ ግን ከቀነሰ፣ ከብሪጁ ወደ ቮልዩም የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳለች ወይም ሳትበየድ ቀርታለች። ፒክአፕ ሲቀየር በብዛት የምትረሳው እሷ ናት። ክሩን ስትይዙ ጭራሽ ከባሰ ደግሞ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል።

አሁን ወደ ሀምባከሩ። አዲሱ ሀምባከር አራት ባለቀለም ሽቦና አንድ ራቁት ሽቦ ካለው፣ ቀለሙ በየፋብሪካው ይለያያል። ሲይሞር ደንከን ላይ ጥቁሩ ወደ ቮልዩም ይሄዳል፣ ነጭና ቀዩ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴው ከራቁቱ ጋር ግራውንድ ነው። ዲማርዚዮ ላይ ወደ ቮልዩም የሚሄደው ቀዩ ሲሆን የሚያያዙት ጥቁርና ነጩ ናቸው። ዲማርዚዮ ገዝታችሁ በደንከን ስዕል ብትበይዱ አንዱ ኮይል ይገለበጣል። ያኔ የላቨር ብልሃት እንዳለ ተገልብጦ ይሠራል፦ የክሩ ድምፅ ይጠፋፋል፣ ጩኸቱ ይደመራል። ቤዝ የሌለው ቀጭን ድምፅ ከከባድ ጩኸት ጋር ከሰማችሁ ሌላ ነገር አትጠርጥሩ። ሰው ግን «ፒክአፑ ፎርጂድ ነው» ብሎ ሻጩ ጋ ይሄዳል።

መልቲሜትር ይህን አያሳያችሁም፤ ኮይሉ ቢገለበጥም ኦሙ ያው ነው። ለሌላ ግን ይጠቅማል። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክታችሁ፣ ቮልዩሙን ሙሉ ከፍታችሁ፣ በሌላው ጫፍ ለኩ። ሲንግል ኮይል 6 ኪሎ ኦም፣ የተለመደ ሀምባከር 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም አካባቢ ካነበባችሁ የፒክአፑ መስመር ተቆርጧል፤ የምትለኩት የቮልዩሙን ፖት ብቻ ነው።

ብየዳውንም እዩት። የፖቱ ጀርባ ሙቀት ስለሚበላ በደካማ መበየጃ እርሳሱ ላዩ ላይ እንደ እንክብል ቁጭ ይላል እንጂ አይይዝም። ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ፣ 40 ዋት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ መበየጃ በፍጥነት ጨርሱት። ቀዝቃዛ ብየዳ የሚመጣና የሚሄድ ጩኸት ያመጣል፤ ሽቦውን ቀስ ብላችሁ ስትነቀንቁት ይታወቃል።

ፎይል ከዚህ በኋላ ነው። አምፑ ፊት ቆማችሁ ሰውነታችሁን ወደ ጎን ስታዞሩ ጩኸቱ በጣም ከተለዋወጠ፣ ከትራንስፎርመር የሚመጣ የማግኔት ጩኸት ነው፤ የመዳብ ፎይል እሱን አያስቆመውም። ከአምፑ ራቅ በሉ። ፎይል የሚረዳው ለሌላው፣ ለዚያ ለሚያፏጨውና ለሚንጫጫው ነው፤ እሱም ቢሆን ከግራውንድ ጋር ከተበየደ ብቻ። አሉሚኒየም አትግዙ፣ እርሳስ አይዝም። ጃኩ አካባቢ ደግሞ ፎይሉን በናስትሮ ሸፍኑት፤ የሲግናሉን እግር ከነካ ጊታሩ ጭራሽ ድምፅ አይሰጥም።