በየሦስት ፊደሉ የሚመታ ከበሮ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትወርዱ ደጋን አካባቢ ማሽላ ታያላችሁ። የማሽላ ሙሉ ዲኤንኤ 730 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው፤ ቅደም ተከተሉ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ፊደላቱ ግን አራት ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራው ክፍል ትንሽ ነው። የቱ ጋ ነው ያለው?

እኛ የሲግናል ሰዎች ፊደሉን ቁጥር እናደርገዋለን። ኤ ባለበት 1፣ በሌለበት 0፤ ሌሎቹም እንዲሁ። አራት ሰልፍ ይወጣል። ከዚያ ብዙ ጊዜ 351 ፊደል የሚይዝ መስኮት እያንሸራተትን የሚደጋገም ምት ለይቶ የሚያወጣውን ስሌት፣ ፉሪየር ትራንስፎርምን፣ እንሠራለን። ፕሮቲን የሚጻፍበት ቦታ ሲደርስ በየሦስት ፊደሉ የሚመላለስ ምት ጎልቶ ይወጣል። ሕዋስ ፕሮቲን ሲሠራ ፊደላቱን ሦስት ሦስት አድርጎ ነው የሚያነበው፤ በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቦታ ላይ የሚበዙት ፊደላት ደግሞ አንድ አይደሉም። በባቲ የሰኞ ገበያ ጫጫታ መሀል ከሩቅ ከበሮ ቢመታ ግጥሙ ባይሰማችሁም ምቱን ትለያላችሁ አይደል? ያው ነው።

ይህ ዘዴ ብቻውን ግን አይበቃም። አጫጭር ክፍሎች ከመስኮቱ ያመልጣሉ፤ ስለዚህ ዛሬ የስታቲስቲክስ ሞዴልና የአርኤንኤ ንባብ ይጨመርበታል። ቢሆንም ቀድሞ የታወቀ ጂን አይጠይቅም፣ ተራ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ጀማሪ ቢጠይቀኝ ከዚህ ጀምር እለዋለሁ።