ዐሥራ ሦስተኛው ጠጠር

ከካርቱም በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ አጠገብ፣ ካላክላ የምትባል ሰፈር አለች። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ከዚያ ብዙ ቤተ ሰብ አፈናቅሏል። ሱዳኖች ሲጃ የሚሉት የጠጠር ጨዋታ ግን አሸዋና ጠጠር እንጂ ሌላ ዕቃ አይጠይቅምና፣ ከሰው ጋር አብሮ የሚሰደድ ነው።

በአሸዋው ላይ አምስት ረድፍ፣ በየረድፉም አምስት ጕድጓድ ይበጃል። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ፣ እያንዳንዳቸው 12 ጠጠር ይዘው በየተራቸው ሁለት ሁለት እያኖሩ፣ ከመካከለኛዪቱ ጕድጓድ በቀር ሁሉን ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን መክበብና መማረክ ለጨዋታው ዐዋቂዎች እንተወውና፣ እኛ አንድ ጠጠር ሳይነቃነቅ ያለውን ገበታ እንመልከት።

አራቱ ጫፎቹ ሁሉ አንድ ቀለም የሆኑበት አራት ማዕዘን ሳይፈጠር ገበታው ሊሞላ ይችላልን? ይችላል፤ እነሆ (ጥ ጥቁር፣ ነ ነጭ፣ ○ ባዶ)፤

ጥ ጥ ጥ ነ ነ
ነ ነ ጥ ጥ ጥ
ጥ ነ ○ ነ ጥ
ነ ጥ ነ ነ ጥ
ጥ ነ ነ ጥ ነ

ነገር ግን ባዶዪቱን በየትኛውም ቀለም ብንሞላት፣ ጠጠሮቹንም እንደ ወደድን ብንደረድር፣ ከአራት ማዕዘኑ አናመልጥም። 25ቱ ሲሞሉ አንዱ ቀለም ቢያንስ 13 ጠጠር ይኖረዋል። እነዚህን በአምስቱ ረድፍ በተቻለ መጠን አስተካክለን ብናካፍል 3፣ 3፣ 3፣ 2፣ 2 ይሆናሉ። ሦስት ጠጠር ያለበት ረድፍ ሦስት ጥንድ፣ ሁለት ያለበት አንድ ጥንድ ይሰጣል፤ ድምሩ 11 ነው። ሌላ አከፋፈል ጥንዱን ያበዛዋል እንጂ አያሳንሰውም። ከአምስት ዓምዶች የሚወጣው ልዩ ልዩ ጥንድ ግን 10 ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱ በሁለት ረድፍ ላይ መደገሙ አይቀርም፤ የተደገመውም አራት ማዕዘን ነው።

እንዲህ ያለውን የሰንጠረዥ ጥያቄ በ1951 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቈጣጠር) ያነሣው የፖላንዱ የሒሳብ ሊቅ ካዚሚየርዥ ዛራንኪየቪች ነው። ከሁለት በሁለት ገበታ ጀምሮ፣ አራት ማዕዘንን የግድ የሚያመጣው የአንድ ቀለም ጠጠር ቍጥር 4፣ 7፣ 10፣ 13፣ 17፣ 22፣ 25 እያለ ይሄዳል። ሦስት ሦስት ሲጨምር ቈይቶ አራት፣ አምስት ይዘላል፤ ደግሞም ወደ ሦስት ይመለሳል። ለማንኛውም ገበታ የሚያገለግል ቀመር እስከ ዛሬ አልተገኘለትም፤ እኛንም ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የዚህ ቍጥር እንቢተኛነት ነው።

ልጆች በቤት ሊሞክሩት ቢወዱ፣ 25ቱንም ጕድጓድ በየተራ አንድ አንድ እያኖሩ ይሙሉ፤ በቀለሙ አስቀድሞ አራት ማዕዘን የሠራ ተሸናፊ ይሁን። በዚህ ጨዋታ እኩል ለእኩል መውጣት የለም።