ካንሰርን በየክልሉ መቁጠር፦ ከኑክሌር ብናኝ እስከ አሶሳ

በአየር ላይ የሚፈነዳ የኑክሌር ቦምብ ጨረር አመንጪ ብናኝ ይዞ ወደ ሰማይ ይወጣል። ከባዱ ብናኝ በሰዓታት ውስጥ እዚያው አካባቢ ይረግፋል፤ ደቃቁ ግን ከደመና በላይ ወጥቶ ወራትና ዓመታት እየተንሳፈፈ ዓለምን ይዞራል። እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1980 ከ500 በላይ እንዲህ ያሉ ፍንዳታዎች ተካሂደዋል። ከእነዚህ አራቱን ፈረንሳይ በአልጄሪያ ሰሃራ እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 አፈነዳች።

ከብናኙ ውስጥ በጤና ረገድ ስማቸው የሚነሣው ሦስት ናቸው። አዮዲን 131 በየስምንት ቀኑ ኃይሉ በግማሽ እየቀነሰ ቶሎ ይጠፋል፤ እስኪጠፋ ድረስ ግን ከሣር ወደ ላም፣ ከወተት ወደ ሕፃን አልፎ አንገት ላይ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ይከማቻል። ስትሮንቲየም 90 እንደ ካልሲየም አጥንት ውስጥ ይገባል። ሲዚየም 137 አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከወረደው ዛሬም ሩብ ያህሉ መሬት ውስጥ አለ።

ብናኙ በእኩል አልተከፋፈለም። ከየትኛውም ኬክሮስ ይበልጥ የወረደው በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለው መቀነት ላይ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሏ አሶሳ 10 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። በአንድ ኬክሮስ ላይ ካሉ ቦታዎች ዝናባማው ከደረቁ የበለጠ ስለሚቀበል የቤኒሻንጉል ረጅም ክረምት ድርሻውን ከፍ ማድረጉ አይቀርም፤ የድርሻው መነሻ ግን ራሱ ትንሽ ነው። ብናኙ በበረታበት እ.ኤ.አ. በ1963 እንኳ በዓለም ደረጃ አንድ ሰው ከብናኙ በአማካይ ያገኘው 0.11 ሚሊሲቨርት ነበር። ሰው ከአለት፣ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚደርሰው በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። በአሶሳ የሚታየውን ካንሰር በሩቅ ቦምቦች ማሳበብ ስለዚህ በሒሳብ አያስኬድም።

ጨረር ምን ያህል ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳየው ሒሳብ የተገኘው ብናኝ ወይም ጨረር በቅርብ ካረፈባቸው ሕዝቦች ነው። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከ105 ሺህ በላይ ሰዎች በስም ተመዝግበው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1998 ሲከታተሏቸው 17,448 ዕጢ ፈጣሪ ካንሰሮች ታዩ፤ ከነዚህ በቦምቡ ጨረር የመጡት 850 ያህል ብቻ መሆናቸው ተገመተ። የደም ካንሰር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀድሞ መጣ፤ ሌሎቹ ለአሥርት ዓመታት ዘገዩ። እነዚያን 850 ከቀሩት ለይቶ ለማየት የአርባ ዓመት መዝገብ አስፈልጓል።

እ.ኤ.አ. የ1986ቱ የቼርኖቤል አደጋ ደግሞ ለቤኒሻንጉል የቀረበ ነገር አሳየ። የተበከለ ወተት የጠጡ ብዙ ሕፃናት በታይሮይድ ካንሰር ተያዙ፤ አዮዲን የጎደለው ሰውነት ጨረር አመንጪውን አዮዲን በስስት ስለሚስብ፣ የአዮዲን እጥረት ባለበት አካባቢ አደጋው ባሰ። በቤኒሻንጉል መተከል ዞን በተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከ100 ልጆች 40 ያህሉ የአዮዲን እጥረት ምልክት የሆነው እንቅርት እንዳለባቸው አግኝቷል። ጨረር በሌለበትም ቢሆን አዮዲን በሚጎድልበት አገር የታይሮይድ ካንሰር ዓይነቱ ይለያል፤ ፎሊኩላር የሚባለው፣ በደም ወደ ሳንባና አጥንት የሚዛመተው፣ ድርሻው ከፍ ይላል። ኢትዮጵያ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ አውጥታ ያስገደደችው በ2003 ዓ.ም. ነው።

የአንድ ክልል የካንሰር መጠን ክፍልፋይ ነው፤ ከላይ የታመሙት፣ ከታች የሚኖሩት። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሁለቱም ያስቸግራሉ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ሲሆን የክልሉን ሕዝብ 784,345 አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ በካማሺና በመተከል ግጭት ብዙዎች ተፈናቅለዋል፤ ከሱዳን ጦርነት የሸሹም በድንበሯ ኩርሙክ በኩል ገብተው በአሶሳ ዙሪያ ሰፍረዋል። ከላይ ያለው ቁጥርም ቀላል አይደለም። በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሯል፤ የሚመዘግበው ግን የከተማዋን ነዋሪ ነው። ከአሶሳ ሪፈር ተጽፎለት 670 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ሕመምተኛ እዚያው ቢታከምም በከተማዋ መጠን ውስጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. ለ2020 የተሠራው አገራዊ ግምት፣ 77 ሺህ ያህል አዲስ ሕመምተኛና 52 ሺህ ያህል ሟች፣ በዋናነት የተነሣው ከዚሁ የአዲስ አበባ መዝገብ ነው። በቤኒሻንጉል ያለ የሸርቆሌ ገበሬ በአዲስ አበቤ ልክ ተሰፍቶለታል ማለት ነው።

ልኩ እንደማይገጥም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ። ዴኒስ ቡርኪት የተባለ በኡጋንዳ ይሠራ የነበረ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ካንሰር ገለጸ፤ ቀጥሎም በአፍሪካ እየዞረ በካርታ ሲያሰፍረው ሞቃትና ዝናባማ ቆላዎችን ተከትሎ ተገኘ። የወባ አገር ነበር። ወባ የልጁን የመከላከል አቅም ሲያዛባ ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ቀሪውን እንደሚያደርስ ኋላ ታወቀ። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ቁልቁል የሚዘልቀው ምድር እንዲህ ያለ ነው፤ አዲስ አበባ በደጋነቷ ከወባ ተርፋለች። የጉበት ካንሰርም የራሱ መንገድ አለው። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ ኦቾሎኒና በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያወጣ ሻጋታ ያበቅላል፤ መርዙ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ የጉበትን ካንሰር አደጋ በብዙ እጥፍ ያንረዋል። ኦቾሎኒ በአሶሳም በመተከልም ይመረታል።

የካንሰር መንስኤ ከሆኑት ቫይረሶች ሁለቱን ክትባት ይከላከላቸዋል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ1999 ዓ.ም. ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር ተቀላቀለ፤ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የማሕፀን በር ካንሰር ከቫይረሱ መግባት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያው ዙር የተከተቡት የቤኒሻንጉል ልጃገረዶች በቁጥር የሚታይ ልዩነት የሚያመጡት በ2030ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ያ ልዩነት የሚነበበው የክልሉ መዝገብ ከዚያ በፊት ከተከፈተ ነው።